ድሪቶና ብራና፦ የተጣፈ ጨርቅ ታሪክ በጣና ዳርቻ

በባሕር ዳር ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር፣ ከንባብ ጋር እንዲስማማ ተስተካክሎ የቀረበ



ስለ አገራችን አልባሳት ታሪክ ስንጽፍ ዘወትር የምንጀምረው ከክብር ልብስ ነው። ስለ ካባና ስለ ላንቃ፣ ስለ ጃኖና ስለ ጥበብ፣ ንጉሥ ለማን ምን እንደ ሸለመ ብዙ ተጽፏል። ዜና መዋዕሎቻችን የሽልማት ልብስን ከሹመት ጋር አያይዘው ይመዘግባሉ፤ የውጭ ተጓዦችም ስለ መኳንንቱ አለባበስ በሰፊው ጽፈዋል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሕዝብ በአብዛኛው ዕድሜው የለበሰው አዲስ ልብስ አልነበረም። የለበሰው ያረጀ፣ የተጣፈ፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ፣ በመጨረሻም ተቆራርጦ ለሌላ አገልግሎት የዋለ ጨርቅ ነው። የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ያ ጨርቅ የት ደረሰ? ለታሪክ ተመራማሪስ ምን ይነግረዋል?

መልሴን አስቀድሜ በአጭሩ ላቅርብ። የተጣፈ ጨርቅ የሴቶች ድካምና የሩቅ ንግድ የተመዘገቡበት ሰነድ ነው። ሰነዱ በአብዛኛው ጠፍቷል፤ ምክንያቱም እስከ መጨረሻው ክር ድረስ አገልግሏል። ከፊሉ ግን ማንም ባልጠበቀው ስፍራ፣ በብራና መጻሕፍት ገበታዎች ውስጥ ተርፏል። ይህም ተራፊ ዛሬ ከእሳትና ከምስጥ ይልቅ በቅን ልቡና በሚደረግ እድሳት ሊጠፋብን ይችላል።

ስለ ቃሉ

አማርኛ ለአሮጌ ጨርቅ ያለው የቃላት ሀብት የሚያስገርም ነው። እራፊ አለ፤ ብጫቂ አለ፤ ቡትቶ አለ፤ ጭርንቁስ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ድሪቶ የተለየ ነው። ቡትቶና ጭርንቁስ የሚናገሩት ስለ ማለቅ ነው፤ ድሪቶ ግን የሥራ ስም ነው። ደረተ ማለት እራፊን በእራፊ ላይ እያነባበረ ሰፋ ማለት ነው። ስለዚህ ድሪቶ የሚለው ቃል ልብሱ ማርጀቱን ብቻ ሳይሆን አንድ ሰው ተቀምጦ መርፌ መያዙንም ይመሰክራል። እኛ ቃሉን በስድብ ብቻ እናውቀዋለን። ያልተዋጣለትን ጽሑፍ «ድሪቶ» እንላለን፤ የሌላውን ሐሳብ ሰብስቦ የጻፈውን «ደረተ» እንለዋለን።

መጣፍ የሚለው ቃልም አለ። መጣፊያ የሌለው ሰው ኑሮው ጎደለ ማለት ነው፤ ኑሮ ያቃተውን ሰው ዛሬም «መጣፊያው አጠረው» እንላለን። በሕዝብ አነጋገር «ጸ» ወደ «ጠ» ሲለወጥ መጽሐፍ «መጣፍ» ይባላል፤ ጻፈም «ጣፈ» ይሆናል። የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ነው ለማለት አይደለም፤ ድምፅ ብቻ ነው ያገናኛቸው። ነገር ግን በጣና ገዳማት፣ ቀጥዬ እንደማሳየው፣ የጸሐፊው ሥራና የጣፊው ሥራ በአንድ ገበታ ላይ ተገናኝተዋል።

ክር ውድ በነበረበት ዘመን

ሰው ስለ ምን ይጥፋል? «ድሃ ስለ ሆነ» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም በቂ አይደለም። ጥያቄው ጨርቅ ለምን ውድ ሆነ የሚል ነው፤ መልሱም ከሸማኔው ጉድጓድ በፊት በቤት ውስጥ ይገኛል።

ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ሴቲቱ ፍሬውን በመዳመጫ ታወጣለች፤ በደጋን ትነድፋለች፤ ባዘቶ ታደርጋለች፤ ከዚያም በእንዝርት እየፈተለች ልቃቂቱን ታከማቻለች። ድር የሚሆነው ክር ጠንካራና ቀጭን መሆን ስላለበት ለብቻው በጥንቃቄ ይፈተላል፤ ማጉ ለስለስ ይላል። ይህን ሁሉ የምትሠራው ከወፍጮ፣ ከውኃ፣ ከእንጨትና ከልጅ በተረፋት ሰዓት ነው። ነጠላ አንድ ድርብ ነው፤ ኩታ ሁለት፤ ጋቢ አራት። አንድ ጋቢ ስንት ምሽት ተቀምጣ እንደ ፈተለች ለማሰብ ይህ ብቻ ይበቃል። ሸማኔው ክሩን ተቀብሎ በአጭር ጊዜ ሠርቶ የእጅ ዋጋውን ይወስዳል፤ የቀረው ዋጋ በሙሉ የእርሷ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጋቢ ሲቀደድ የተቀደደው የወራት ድካሟ ነው። መጣፍ ማለት ያንን ጊዜ ማዳን ነበር።

የጨርቅ ዋጋ በመንግሥት ግብር ውስጥም ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከጎጃም ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት የመጣውን ግብር ሲዘረዝር 3,000 ፈረስ፣ 3,000 በቅሎ፣ እንዲሁም 3,000 ትልልቅ የጥጥ ልብስ ይቈጥራል። ልብሱ በአንድ ወገኑ ጠጕር ያለው፣ ታላላቅ ሰዎች በአልጋቸው ላይ የሚያደርጉት መሆኑንም ይገልጻል፤ ገለጻው የዛሬውን ቡልኮ ያስታውሰናል። ጨርቅ ከፈረስና ከበቅሎ ጋር በእኩል ቍጥር ሲቈጠር የጨርቅን ክብደት እንረዳለን። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በዐድዋ የሚሠራው ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በአገሪቱ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር እንደ ነበር ጽፏል። ገንዘብን ማንም አይጥለውም፤ ጨርቅንም ማንም አይጥለውም ነበር።

ስለሆነም ጨርቅ በቤት ውስጥ የራሱ የዕድሜ ጕዞ ነበረው። ጋቢ መሐሉ ሲሳሳ ይገለበጣል፤ ደኅናው ወገን ተቆርጦ ለልጅ ይሆናል፤ የቀረው ተነባብሮ ተደርቶ የሌሊት ልብስ ይሆናል። ከዚያ የሕፃን መጠቅለያ፣ ከዚያ የእቃ መጥረጊያ፣ ከዚያ የምጣድ ማሰሻ፣ በመጨረሻም የኩራዝ ክር ሆኖ ይነድዳል። ለታሪክ ተመራማሪው ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፍጹም በሆነ ቍጠባ የኖረ ማኅበረ ሰብ ለቤተ መዘክር የሚተርፍ ነገር አይተውም።

የሱራት ሰማያዊ

አሮጌን ማዳን ብቻ ሳይሆን አዲስን አፍርሶ እንደ ገና መሥራትም ነበረ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው የጕዞ መጽሐፍ አንድ ትኩረት የሚስብ ነገር መዝግቧል። የአገሩ ሰዎች ለልብሳቸው ጥለት የሚፈልጉትን ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ስለማያገኙ፣ ከሕንድ ሱራት የመጣውን ሰማያዊ የጥጥ ጨርቅ ክር በክር ይተረትሩትና ክሩን በራሳቸው ሸማ ውስጥ እንደ ገና ይሸምኑታል።

ይህችን አጭር ምስክርነት በጥሞና እንያት። አንድ የሕንድ ሸማኔ በጕጅራት የሸመነው ጨርቅ በመርከብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ምጽዋ ይደርሳል፤ በበቅሎ ደጋውን ይወጣል፤ ከዚያም እንዳለ አይለበስም፤ ይፈርሳል። የሚፈለገው ጨርቁ ሳይሆን ቀለሙ ነው። ነጩ ሸማ ላይ ያለው ሰማያዊ ጥለት «የአገር ባህል» ተብሎ ሲታይ በውስጡ የሌላ አገር ጨርቅ አለ። የአገር ልብስ ከውጭ ከመጣው ጋር ሳይገናኝ የኖረ፣ በኋላ ዘመን ብቻ የተበረዘ አድርገን ለምንጽፍ ሰዎች ይህ ትልቅ ማሳሰቢያ ነው። ሸማኔው የውጭውን ጨርቅ ተቀብሎ በራሱ ሥርዐት ውስጥ ቦታ ሰጠው።

በገበታ ውስጥ የተረፈው

አሁን ወደ ሐይቁ እንሻገር። የጣና ደሴቶችና የዘጌ ገዳማት ስለ መጻሕፍታቸውና ስለ ሥዕሎቻቸው በዓለም የታወቁ ናቸው። ጨርቅን የሚመለከተው ክፍላቸው ግን ብዙም አልተነገረለትም።

አስቀድመን ሥዕሉን እንመልከት። በዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ እንዲሁም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባሳነጹት በናርጋ ሥላሴ የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑት ሥዕሎች በጭቃው ላይ የተሣሉ አይደሉም፤ በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው ያረፉት። የአገራችን ሸማኔ የሚሠራው ጨርቅ ስፋቱ ጠባብ ነው፤ ሰፊ ገጽ ለማግኘት ጠርዝ ከጠርዝ ጋር መስፋት ያስፈልጋል። ጎብኚው ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲያይ ከቅዱሱ በስተኋላ የፈታይቱንና የሸማኔውን እጅ አያይም፤ እነርሱ ግን እዚያው አሉ።

ቀጥሎ ብራናው አለ። ፍየል ወይም በግ ታርዶ ቆዳው በወጠሪያ ሲወጠርና ሲፋቅ ትንሿ ጭረት ሰፍታ ቀዳዳ ትሆናለች። ፋቂው ቀዳዳውን በጅማት ወይም በክር ይሰፋዋል፤ ካልሰፋውም ጸሐፊው ፊደሉን በቀዳዳው ግራና ቀኝ እያሳለፈ ይጽፋል። የብራና መጽሐፍ ከመጻፉ በፊት የተጣፈ ነው። መርፌና ብርዕ በአንድ ቅጠል ላይ ሠርተዋል።

ከሁሉም በላይ ለርእሳችን የሚጠቅመው ግን የመጽሐፉ ሽፋን ነው። ጠራዡ የእንጨት ገበታውን በቆዳ ሲያለብስ የቆዳውን ጠርዝ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ከአራቱም ማዕዘን የታጠፈው ቆዳ በገበታው ውስጠኛ ገጽ መሐል ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ይተዋል። በብዙ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ይህ ባዶ ስፍራ የሚሞላው በቁራጭ ጨርቅ ነው። ቁራጩ አንዳንድ ጊዜ የአገር ጥጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሕንድ የመጣ ባለ አበባ ጥጥ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሐር ወይም ከፋይ ነው። መኳንንትና ወይዛዝርት ልብሳቸውን ለቤተ ክርስቲያን መስጠታቸው የታወቀ ልማድ ነበር፤ የተሰጠውም ልብስ ለመጋረጃ፣ ለመጎናጸፊያና ለመሳሰለው ይውል ነበር። ከዚህ ሁሉ የተረፈች እራፊ በመጽሐፍ ገበታ ውስጥ ትቀመጣለች።

የዚህን ትርጉም ልብ በሉ። ለባሽ ለብሶ ይጨርሰው የነበረው ጨርቅ፣ በኩራዝ ነድዶ ይቀር የነበረው እራፊ፣ በመጽሐፍ ውስጥ ስለ ገባ ብቻ ተረፈ። መጽሐፉ ከፀሐይ፣ ከአቧራና ከእጅ ጠበቀው። ስለዚህ ቀለሙ ዛሬም ደማቅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በጎንደር ዘመን ወደ ጣና አካባቢ ይመጣ የነበረውን ጨርቅ ዓይነት፣ የክሩን ውፍረትና የቀለሙን ምንጭ ለማጥናት ከንግድ መዝገብ ይልቅ የሚረዳን ይህ ነው።

እዚህ ላይ የዘዴ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መጽሐፍ በተጻፈበት ዘመን ብቻ አይጠረዝም፤ ከመቶ ዓመትና ከዚያ በኋላም እንደ ገና ሊጠረዝ ይችላል። ስለሆነም ጨርቁ የሚመሰክረው ስለ ጥራዙ ዘመን እንጂ ስለ ጽሕፈቱ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ውስጥ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጨርቅ ብናገኝ ስሕተት የለም፤ አንድ ያልተመዘገበ እድሳት አገኘን ማለት ነው። በዚህ መንገድ እራፊዋ ስለ ጨርቅ ብቻ ሳይሆን ስለ መጽሐፉ ሕይወትም ትናገራለች።

የጣናን መጻሕፍት ለዓለም ጥናት ያበቃው ኤርንስት ሐመርሽሚት ነው። መጻሕፍቱን በማይክሮፊልም ካስቀረጸ በኋላ የዝርዝሩን ሁለት ጥራዞች እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1977 አሳተመ፤ ሦስተኛውን ቬሮኒካ ሲክስ በ1999 አወጣችው። ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን ማይክሮፊልም በባሕርዩ ለፊደል እንጂ ለጨርቅ ቀለምና ለክር ጥምዝ የተሠራ አይደለም። ጽሑፉን አዳንን፤ እራፊዋ ገና አልተነበበችም።

ስድብና ዐዋጅ

እንዲህ ያለው እውቀት ለምን ተዘነጋ? አንዱ ምክንያት ንቀት ነው። በጎንደርና በጣና ዙሪያ ሽመና በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤላውያን ሙያ ነበር። ሸማኔው የሠራውን ሁሉም ይለብሳል፤ ሸማኔውን ግን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ይሰድበዋል። ቆዳ የሚያለፋው ይናቃል፤ ብረት የሚቀጠቅጠው ይፈራል፤ ጸሐፊው እንኳ «ጠንቋይ» ይባላል። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 ባወጡት ዐዋጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን ሲከለክሉ ሸማኔውንና ጸሐፊውን በአንድ ላይ መጥቀሳቸው ለዛሬው ርእሳችን እንደ ማኅተም ነው። ጨርቁን የሠራውና መጽሐፉን የጻፈው በስድቡም ጎረቤታሞች ነበሩ።

ድሪቶ የለበሰው ሰው ደግሞ ከሁሉ በታች ነው። አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ድሪቶን በክብር ይለብሰዋል፤ እርሱም ዓለምን የናቀ ባሕታዊ ነው። ድሪቶው በባሕታዊው ላይ ምርጫ ስለ ሆነ ይከበራል፤ በገበሬው ላይ ግዴታ ስለ ሆነ ይናቃል። ጨርቁ ያው ነው።

ይህ ንቀት በዝርፊያ ታሪክ ውስጥ ሳይቀር ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት ቅርሶች መካከል በሐር የተሠራ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። እንዲህ ያለው ጨርቅ የሚመልሰው ሰው ይጠየቅለታል። ድሪቶን ግን ማንም አልዘረፈም፤ ስለዚህም ማንም አልጠበቀውም።

ከጃፓን የምንማረው

በዚህ ረገድ የጃፓን ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በሰሜናዊው የጃፓን ክፍል በቶሆኩ ብርዱ ጥጥን አያበቅልም። በኤዶ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868፣ ገበሬው ጥጥ እንዳይለብስ የሚከለክሉ ደንቦችም በአንዳንድ ግዛቶች ወጥተው ነበር። ገበሬው የሚለብሰው የሄምፕ ጨርቅ ነው፤ እርሱም ብርድ ያስገባል። ከኦሳካ የሚነሡ የንግድ መርከቦች አሮጌ የጥጥ ጨርቅና እራፊ ወደ ሰሜን ያጓጕዙ ነበር። የሰሜን ሴቶች እራፊውን አነባብረው «ሳሺኮ» በሚባል ረድፍ በረድፍ በሆነ ስፌት ይደርቱታል፤ ወይም ቀድደው እንደ ማግ በመሸመን «ሳኪኦሪ» የሚባለውን ጨርቅ ይሠራሉ። ትውልድ በትውልድ ላይ እየጣፈ የሚደርበው ልብስ «ቦሮ» ይባላል፤ ቃሉ እንደ እኛው ቡትቶ የኀፍረት ቃል ነበር።

የሱራትን ጨርቅ የተረተረው የኛ ሸማኔና አሮጌ ጨርቅ ቀድዶ የሸመነችው የአኦሞሪ ሴት አይተዋወቁም። ነገር ግን አንድ ዓይነት ችግር አንድ ዓይነት ብልሃት አስተማራቸው። ልዩነቱ የመጣው በኋላ ነው። ያናጊ ሶኤትሱና ባልደረቦቹ የሕዝብ ዕደ ጥበብን ክብር የሚሰብክ ንቅናቄ ጀምረው እ.ኤ.አ. በ1936 በቶኪዮ ቤተ መዘክር ከፈቱ። ታናካ ቹዛቡሮ የሚባል የአኦሞሪ ሰው ደግሞ ከቤት ወደ ቤት እየሄደ አሮጌ ልብስ ሰበሰበ፤ ከስብስቡም 786 የሳሺኮ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ1983 በመንግሥት የሕዝብ ባህል ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ።

ይሁን እንጂ ጃፓን ማስጠንቀቂያም ትሰጠናለች። ዛሬ ቦሮ በዓለም ገበያ ውድ የጥበብ ዕቃ ሆኗል። በነጭ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ውበቱ ይደነቃል፤ የለበሰው ሰው ብርድ፣ የሰፋችው ሴት ስምና ያፈረችበት ዘመን ግን ከጨርቁ ጋር ወደ ግድግዳው አይወጡም። ድሪቶን ከስድብ አውጥተን በጌጥነት ብንተካው ያው ለባሹን ረሳነው ማለት ነው።

ፋብሪካውና ቦንዳው

በባሕር ዳር ይህን መናገር የተለየ ትርጉም አለው። ከተማችን የዘመናዊ ጨርቅ ከተማ ናት። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ከኢጣሊያ በተከፈለ የጦር ካሣ ተቋቋመ፤ በ1963 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተመሠረተው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመረ። የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ትምህርትም ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ይሰጣል። በአንድ ትውልድ ውስጥ እናት በእንዝርት ስትፈትል ልጇ በፋብሪካ የክር ማሽን ፊት ቆመች። ፋብሪካው ከወራት ድካም ነፃ አወጣት፤ ይህ ሊናቅ የማይገባው በጎ ነገር ነው። ክር ሲረክስ ግን መጣፍም ረከሰ። አቡጀዲው፣ ቀጥሎ የፋብሪካው ጨርቅ፣ በዘመናችንም በቦንዳ የሚገባው ልባሽ ልብስ አዲሱን ከመጣፊያው ይልቅ ቀላል አደረጉት። አያቶቻችን አሮጌ ልብስ ያልቅባቸው ነበር፤ እኛ የሌላ ዓለም አሮጌ ልብስ ይበዛብናል።

የመጣፍ ልማድ ሲቀር እውቀቱም ከባለቤቶቹ ጋር ያልፋል። በእንዝርት የፈተሉና ድሪቶ የደረቱ እናቶች ዛሬ አረጋውያን ናቸው።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገር አሳስቤ እጨርሳለሁ።

አንደኛ፤ የብራና መጽሐፍ ሲታደስ አሮጌው ጥራዝ፣ በተለይም በገበታው ውስጥ ያለው ጨርቅ፣ አይጣል። በቅንነት የሚያድስ ሰው «ያረጀ ቡትቶ» ብሎ አውጥቶ አዲስ ንጹሕ ጨርቅ ይለጥፋል። በዚያች ደቂቃ ሁለት መቶ ዓመት የጠበቀ ሰነድ ይጠፋል። ጨርቁ በቦታው ቢቀር መልካም ነው፤ ካልሆነም ፎቶ ተነሥቶ፣ የመጽሐፉ ስም ተጽፎበት፣ እዚያው በገዳሙ ከመጽሐፉ ጋር ይቀመጥ። ባለቤቱ ገዳሙ ነው፤ ተመራማሪው እንግዳ ነው።

ሁለተኛ፤ የታሪክ፣ የግእዝና የጨርቃ ጨርቅ ተማሪዎች በአንድነት ይሥሩ። የታሪክ ተማሪው ዘመኑን ያውቃል፤ የግእዙ ተማሪ የባለቤትነት ጽሑፉን ያነባል፤ የምህንድስናው ተማሪ የክሩን ዓይነትና የቀለሙን ባሕርይ ይለያል። ከሦስቱ አንዱ ለብቻው እራፊዋን ሊያነባት አይችልም።

ሦስተኛ፤ ድሪቶ ስትሰበስቡ ቃሉንም ሰብስቡ። ማን ፈተለችው? ማን ለበሰው? የትኛው እራፊ ከየትኛው ልብስ መጣ? ይህ ካልተጠየቀ የምንሰበስበው ጨርቅ ብቻ ይሆናል። ተማሪዎች ሆይ፣ ለዚህ ጥናት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በየቤታችሁ አያት አለች፤ አያት ከሌለች የአያት ሣጥን አለ። በሣጥኑ ሥር የተቀመጠውን አሮጌ ጋቢ ከመጣላችሁ በፊት ስፌቱን ቍጠሩት። የመጀመሪያው ስፌት የማን እንደ ሆነ ጠይቁ፤ የተነገራችሁንም ጻፉት።